ተደራርበው የወደቁት

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣» አሉ ጄኔራሉ ሻያቸውን እያማሰሉ፣ «መጨረሻ ላይ አእምሮውን ነክቶት ነበር። በየሄደበት መርዝ ይታየው ነበር፣ ምስኪን። እኛ ግን የምናስታውሰው ደህና በነበረበት ጊዜ ነው።»

ሳሎኑ ውስጥ የተቀመጡት ለቅሶ ደራሾች ከንፈራቸውን መጠጡ። የሟች ሚስት ግን ደሟ ፈላ። ባሏን የቀበረችው ትናንት ነው። ይኸው ዛሬ ደግሞ ሰውዬው ዓይኑን በጨው አጥቦ መጥቶ፣ በገዛ ቤቷ፣ የገዛ ሻይዋን እየጠጣ፣ ባልሽ እብድ ነበር ይላታል።

ልትናገር ስትል የባሏ እህት ክንዷን ያዝ አደረገቻት። «ተይ በናትሽ፣ ትልቅ ሰው ናቸው። ለቅሶ ቤት ጠብ አያምርም። ሆድ ይፍጀው።»

«የኔ ሆድ ስንቱን ይፍጀው?»

ባሏ ዕድሜውን ሙሉ የተዋጋው በዓይን ከማይታይ ጠላት ጋር ነው። ገና በወጣትነቱ የኬሚካልና የኑክሌር መከላከያ ክፍል ተመድቦ፣ ጨረር መለኪያ አንግቶ ሜዳ ለሜዳ ሲዞር ኖረ። ለምልምሎች የጋዝ ጭንብል አጠላለቅ የሚያስተምረውም እሱ ነበር። «መጀመሪያ የራስህን! ጓደኛህ ዓይንህ እያየ ቢወድቅም መጀመሪያ የራስህን ጭንብል!» እያለ ስለሚጮህባቸው «ጭንብሉ» ብለው ስም አወጡለት፣ ስሙም እንደተጣበቀበት ቀረ። በኋላ የፎረንሲክ ሳይንስ ተምሮ የሠራዊቱ ላቦራቶሪ ኃላፊ ሆነ። አመሉ ቤትም አይለቀውም። ድስት ሲከፈት እንደ ሰው አፍንጫውን አያስጠጋም፤ ራቅ ብሎ ቆሞ እንፋሎቱን በመዳፉ ወደ ራሱ ያራግባል።

«ምሳ ነው እኮ፣ ቦምብ አይደለም!» ትለዋለች።

«እሱን ውጤቱ ሲወጣ እናያለን፣» ይላል ኮስተር ብሎ። ሳቁ የሚመጣው ቆይቶ ነው።

ከዚያ የመጋዘኑ ነገር መጣ። በአንድ የጦር መጋዘን ምድር ቤት ውስጥ አራት ወታደሮች ሞተው ተገኙ፤ ምርመራው ለእሱ ተሰጠ። ያን ዕለት ወደ ቤት ሲመለስ መግባት አቅቶት በረንዳው ላይ ቁጭ አለ። የሞቱትን ልጆች ያገኛቸው የምድር ቤቱ ደረጃ ሥር ነው። አንዱ ከታች፣ ሌሎቹ በላዩ፣ እጃቸው የጓደኛቸውን ቀበቶ እንደጨበጠ።

«አንዱ ወደቀ። ሌላው ሊያወጣው ገባ፣ ያም ወደቀ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም እንደዚያው፣» አላት። «ጭንብል ሳያደርጉ። እኔ ነኝ እኮ ያስተማርኳቸው። ጓደኛቸው ሲወድቅ ጊዜ ትምህርቱ ጠፋባቸው።»

ምድር ቤቱ ጥግ ላይ ዝገት የበላው የኬሚካል በርሜል አፍስሶ ቤቱን በመርዝ ጋዝ ሞልቶት ነበር። በርሜሉ እዚያ ሊኖር አይገባም ነበር። እንዲወገድ ከታዘዘ ቆይቷል፤ «ተወግዷል» ብለው ለበላይ ያስታወቁት ደግሞ ጄኔራሉ ናቸው። ስለዚህ የልጆቹ ሞት የምግብ መመረዝ ተባለ፣ የካምፑ ምግብ አብሳይም ታሰረ።

ባሏ ጄኔራሉ ቢሮ ገብቶ ጠረጴዛቸው ፊት ቆመ። «መርዝ የበላ ሰው አልጋው ላይ ይሞታል፣ ሽንት ቤት በር ላይ ይሞታል። ተደራርቦ አይወድቅም!» አለ። የምርመራውን ውጤት እንዲለውጥ ተለመነ፣ ተዛተበት፤ እሱ ግን ወይ ፍንክች! ላቦራቶሪውን ቀምተው የደንብ ልብስ መጋዘን ሰደዱት። ፍርድ ቤት ቀርቦ ሊመሰክር ሲል አእምሮው ልክ አይደለም አሉ። ምግብ አብሳዩ ተፈረደበት። ያን የመሰለ አዋቂ፣ ስንቱን ምልምል ከሞት ያዳነ ሰው፣ ካልሲ ሲያድል ከርሞ ጡረታ ወጣ። ከዚህ በላይ ግፍ ከየት ይመጣል?

አሁን የሳሎኑ በር ላይ አንድ ሸበቶ ሰው ቆሟል። ኮቱ ሰፍቶታል፤ በፎጣ የተጠቀለለ ድስት በሁለት እጁ ይዟል።

የባሏ እህት ጆሮዋ ሥር ገባች። «ምግብ አብሳዩ ነው! ያ ወታደሮቹን መረዘ የተባለው። ተፈታ እንዴ?»

ወሬው ወንበር ለወንበር ዞረ።

«እትዬ፣ ያጽናዎት፣» አለ ሰውዬው። «ሾርባ ነው። ባዶ እጄን መምጣት ከበደኝ፤ ሌላ ሙያ ደግሞ የለኝም።» ድስቱን ወደ ፊት ዘረጋ። «እስር ቤት እየመጡ የሚጠይቁኝ ባለቤትዎ ብቻ ነበሩ። ‹አንተ አይደለህም፣ እኔ አውቃለሁ› ይሉኝ ነበር። የገዛ ወንድሜ እንኳ እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም።»

ድስቱን የሚቀበለው ሰው ጠፋ። ጄኔራሉ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«እህቴ፣ ሰውዬው ቢሄድ ይሻላል። እንግዳ አለ፣ ሕፃናት አሉ። መጠንቀቁ አይከፋም።»

አሁን ልቧ ቆረጠ። የያዛትን እጅ አስለቅቃ ተነሳች።

«ከምኑ ነው የምንጠነቀቀው፣ ጄኔራል? ከሾርባው ወይስ ተወግዷል ካሉት በርሜል?»

«ሐዘኑ ነው የሚያናግርሽ፣ እንረዳለን...»

«አይረዱም! እነዚያ ልጆች ሲገኙ አንዱ የአንዱን ቀበቶ ይዞ ነበር። ሾርባ ጠጥተው ነው እንዲህ የሆኑት? ባሌ አላበደም። የእብድ ሰው ቃሉ በየቀኑ ይለዋወጣል፤ የእሱ ግን እስኪሞት አንድ ነበር። ከእንግዲህ ይህን የምናገረው እኔ ነኝ። እብድ ይበሉኝ፤ እኔን እንደሆነ መጋዘን አያዛውሩኝ!»

ጄኔራሉ የሚደግፋቸው ሰው ፍለጋ ዙሪያውን አዩ። አንዱ እጁን፣ ሌላው ወለሉን ያያል። ቆባቸውን አንስተው ወጡ፤ ሊሸኛቸው የተነሳ አልነበረም።

ምግብ አብሳዩ አሁንም ድስቱን እንደያዘ ቆሟል። ተቀብላው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከቁም ሳጥኑ ሳህንና ማንኪያ አውጥታ ቀዳች። ቤቱ ሁሉ አፏን አፏን ያያል። አንድ ማንኪያ ጠጣች፤ ደገመች። በሦስተኛው ላይ ማንኪያዋን ሳትለቅ፣ አፏ ውስጥ ያለውን ሳትውጥ፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እንባዋ ሳህኑ ውስጥ ይንጠባጠባል፣ እሷም ከነእንባዋ ጠጥታ ጨረሰችው።

ከዚያ ባዶውን ሳህን ወደ ሰውዬው ዘረጋች።

«ጨምርልኝ፣ ወንድሜ።»