ፕሮፌሰሩ ያላመኑበት ቅባት

እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ «ቅባት ታማስላለች» ትላለች። አልተሳሳተችም። ማደንዘዣን ዓይን በማያያቸው የስብ ከረጢቶች ውስጥ ከትተን፣ ያለ መርፌ በቆዳ በኩል እናስገባለን። ማለትም «ይገባል» ብለን ሪፖርት እናደርጋለን። ከረጢቶቹ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ቆዳው ላይ ተጎልተው ቀርተዋል።

ሪፖርቱን የምጽፈው እኔ፣ ሽፋኑ ላይ ስማቸው የሚወጣው ኃላፊያችን ፕሮፌሰሩ ናቸው። «የኔም ስም ከታች እንኳ ቢገባ» ስላቸው፣ «አንቺ ቴክኒሻን ነሽ እኮ» ይሉኛል።

ባለፈው ወር የስቡን ቅንብር ለወጥኩ። ከረጢቶቹ ለስልሰው፣ በቆዳው ጠባብ ክፍተት እየተጣጠፉ መሹለክ ጀመሩ። ውጤቱን በደብተሬ ጽፌ ወሰድኩላቸው። እንደ ልማዳቸው ሳያነቡ ፈረሙ።

ሥራችን በሚገመገምበት ቀን ጠዋት ፕሮፌሰሩ ጉንጫቸውን ደግፈው መጡ። ጥርሳቸውን አሟቸዋል። ገምጋሚዎቹ ሊገቡ ግማሽ ሰዓት ቀርቷል።

«እስቲ ከዚያ ቅባት ስጪኝ።»

«ትንሽ ብቻ ያድርጉ፣ ፕሮፌሰር። ይሄኛው የምር ይሠራል።»

«ለኔ ነው የምትነግሪኝ? ይሠራል ብዬ ስንቴ ፈርሜያለሁ!» ብለው ሳቁና ከጉንጫቸው እስከ ከንፈራቸው ለቀለቁት። ከንፈራቸውንም ላሱ።

ገምጋሚዎቹ ተቀመጡ። ፕሮፌሰሩ «ክቡራን» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ «ቡባ» የሚል ነገር ወጣ። ምራቃቸው ክራቫታቸው ላይ ተንጠባጠበ። እኔ ሳቄን ዋጥ አደረግሁ።

ሰብሳቢዋ፣ ባለመነጽር ሴትዮ፣ ክው አሉ። «ምን ነካቸው? ሐኪም ይጠራ!»

«አይ፣ ቅባቱ ነው» አልኩ። «ገብቷል።»

ሴትዮዋ ቀረብ ብለው የፕሮፌሰሩን ጉንጭ በእስክሪብቶ ጫፍ ወጋ ወጋ አደረጉ። ፕሮፌሰሩ ንቅንቅ አላሉም።

«በሦስት ዓመት ውስጥ ያየነው የመጀመሪያው ማስረጃ ይሄ ነው» አሉ ሴትዮዋ። «ማነው የሠራው?»

ፕሮፌሰሩ ፈጥነው ጣታቸውን ወደ ገዛ ደረታቸው ቀሰሩ።

«አዎ፣ እርስዎ ላይ እንደተሞከረ አይተናል» አሏቸውና ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ደብተሬን ዘረጋሁላቸው። እየገለጡ አነበቡ፤ ስሜን ጠይቀው ከነአባቴ ጻፉት።

ፕሮፌሰሩ «ቡ፣ ቡ» እያሉ ተነሡ። መሐረብ አቀበልኳቸው።

«ሁለት ሰዓት ቢቆይ ነው፣ ፕሮፌሰር» አልኳቸው። «እስከዚያ እኔ ላስረዳ።»

ሁለት ሰዓት ሙሉ ያቋረጠኝ አልነበረም።