ቀለብ ያለቀበት ወታደር ወዴት ይሄዳል

ራሊጻ አጎቷን ወደ ሥራ ቦታችን ያመጣቻቸው ቤት ብቻቸውን እንዳይውሉ ብላ ነው። አጎት ስታመን በመኸር ከፖም ዛፍ ወድቀው እግራቸው ተሰብሮ ነበር። እኛ ሩሴ ከተማ የዳኑብን ወንዝ ቁልቁል በሚያይ አሮጌ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይተን የኮምፒውተር የጦርነት ጨዋታ እንሠራ ነበር፤ እሷ ሕጉን ትነድፋለች፣ እኔ ኦግኒያን ደግሞ የነደፈችውን በኮድ እጽፋለሁ። ጨዋታው በተራ የሚኬድ ነው። አንዱ ጦሩን አንቀሳቅሶ ሲጨርስ ተራው ለሌላው ያልፋል፤ ማንም ማንንም አያጣድፍም።

በዚያ ኅዳር ጉሙ ከወንዙ እየተነሳ መስኮታችን ድረስ ይመጣ ነበር። ማዶ ያለው የሩማንያ ዳርቻ ለሳምንታት ጠፍቶ ከረመ። ውጭ የሚታይ ነገር ስላልነበረ ዓለም ማለት ያው ስክሪኑ ላይ ያለው ካርታ ይመስለን ጀመር።

የቸገረን የጦሩ ቀለብ ነበር። ተጫዋቹ ሁሉ ወታደር በወታደር ላይ ይከምርና በብዛት ብቻ ያሸንፋል። ይህን ለመግታት ራሊጻ ለእያንዳንዱ ወታደር በየተራው ወርቅ እንዲከፈል ደነገገች፤ ወርቅ ያለቀበት ጦር ወታደሮቹ አንድ በአንድ ብን ብለው ይጠፋሉ። ወረቀት ላይ ያምር ነበር። ስንጫወተው ግን ነፍስ አልነበረውም።

አጎት ስታመን ጊዜ እንዲገፉበት አንዱን ኮምፒውተር ሰጠናቸው። እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው ጦራቸውን ወንዝ ዳር ገብስ ማሳ ላይ አሰፈሩና ሃያ ተራ ሙሉ ንቅንቅ አላሉም። ጨዋታው አልገባቸውም ብዬ ራሊጻን ጠቀስኳት።

«አጎቴ፣ ለምን አትዘምትም?» አለቻቸው።

«ምን በልተው ይዝመቱ?»

«ወርቅ አላቸው እኮ።»

«ወርቅ ይበላል እንዴ፣ ልጄ? ጥርሳቸውን ልታረግፊው ነው።»

ከዚያ በወጣትነታቸው ወታደር ሳሉ የሆነውን አወሩን። የሠራዊቱ እህል ጠባቂ ነበሩ። አንድ ክረምት ሁለት መቶ ሰው አርባ ቤት ባላት የተራራ መንደር ሰፍሮ ሳለ በረዶ መንገዱን ዘጋው። በመጀመሪያው ሳምንት ንጋት ላይ ዶሮ ይጮኽ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ዶሮ አልነበረም። «በሦስተኛው ሴቶቹ እኛን ሲያዩ መስኮት መዝጋት ጀመሩ» አሉ። ጦሩም ይሳሳ ጀመር፤ አንዱ ታመምኩ ብሎ፣ ሌላው እናቴ ሞተች ብሎ፣ ሌላው ምንም ሳይል ይወጣል። «ብን ብሎ የጠፋ ግን የለም» አሉ። «ጀርባቸውን እያየን ነው የሄዱት። ሁሉም ወደየቤቱ።»

ራሊጻ ሁለት ቀን ሙሉ ወረቀት ላይ ስትጽፍና ስትሰርዝ ዋለች። በሦስተኛው ቀን የወርቁን ሕግ ሰርዛ ሌላ ይዛ መጣች። ጦር የሚበላው ከቆመበት መሬት ነው። ማሳው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ አመድ ይለወጣል። አመድ ሲሆን በየተራው አንድ ወታደር ከሰፈሩ ወጥቶ ወደተመለመለበት መንደር በእግሩ ይሄዳል።

ተጫዋቹ ይናደዳል ብዬ ተከራከርኩ።

«ይናደድ» አለች። «ግን እያያቸው ይናደድ።»

ጻፍኩት። የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ሰዎች መሣሪያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ኮረብታውን ሲሻገሩ፣ ሌላው ሲዋጋ እነሱ ዝም ብለው ሲሄዱ ሳይ እኔም ሥራዬን ረስቼ የምከተላቸው ጊዜ ነበር። አንዱ መንደሩ ሲደርስ ከአንድ ጣሪያ ጭስ ይወጣል። በቃ፣ ሌላ ምንም አይሆንም።

ከዚያ ኮዴ ውስጥ አንድ ስህተት አገኘሁ። ካርታው ጥግ ላይ ባለው ሐይቅ ዳር አሥራ አንድ ወታደሮች ፊታቸውን ወደ ውሃው አዙረው ቆመዋል። ስመረምር መንደራቸው በጦርነቱ ተቃጥሏል። የሚሄዱበት ስለሌለ መሬቱ ዝቅ ወዳለበት ወርደው እዚያ ቀርተዋል። አንድ መስመር ብጨምር ይጠፋሉ አልኩ።

«ተዋቸው» አሉ አጎት ስታመን።

«ስህተት ነው እኮ። ቤት ስለሌላቸው ነው።»

«እሱማ ገብቶኛል።»

የእሳቸው መንደር ግድብ ሲሠራ ውሃ ውስጥ ቀርቷል። ራሊጻ ይህን ታውቃለች። ያላወቀችው በየዓመቱ በቅዱስ ኒቆላዎስ ቀን በአውቶብስ የሚሄዱት ወደዚያ መሆኑን ነው።

«ዓሣ ልታጠምድ ነበር የሚመስለኝ» አለቻቸው።

«መንጠቆ ይዤ ስወጣ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

በዓሉ አሥር ቀን ነበር የቀረው፤ በዚያ እግር ደግሞ አውቶብስ አይታሰብም። ቀኑ ሲደርስ በእኔ መኪና ሄድን። ግድቡ ዳር ጉሙ ውሃውንም ሰማዩንም አንድ አድርጎታል። ከመንደሩ ሰዎች የመጡት እማማ ፔናና አንድ መስማት የተሳናቸው ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። የበዓሉን ምግብ፣ በዳቦ ውስጥ የተጋገረ ዓሣ ቆርሰን በላን። አጎት ስታመን በክራንቻቸው ወደ ውሃው እያመለከቱ ወፍጮው እዚያ ነበር አሉ። እማማ ፔና «አንተ ድሮም ግራና ቀኝህን አታውቅም፣ ወፍጮውማ ወዲህ ነው» አሏቸው። ለረጅም ጊዜ ተጨቃጨቁ። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ነበር።

ስንመለስ ራሊጻ መኪና ውስጥ ሕጉን ነገረችኝ። ቤት የሌላቸው ወታደሮች አንድ ቦታ ስድስት ተራ አብረው ከቆዩ መንደር ይሆናሉ። የራሳቸውን ማሳ ይበላሉ፤ ማንም ዳግመኛ አይመለምላቸውም።

«ለተጫዋቹ ምን ይጠቅመዋል?» አልኳት።

«ምንም» አለች።

ጨዋታው በሚቀጥለው መኸር ወጣ። ሀብታም አላደረገንም፤ ሁለቱን ክፍሎች ግን አልለቀቅንም። ብዙዎች ያ የማይጠቅም መንደር ምንድን ነው ብለው አማረሩ። አንድ ፖላንዳዊ ተጫዋች ግን ጦሩ ተርቦ እንዲህ ያለ መንደር አጠገብ እንደደረሰ ጻፈልን። ማሳው ሙሉ ነበር። መርገጡን አልወደደምና በኮረብታው ዞረ፤ በመንገድ ግማሹ ጦር ጥሎት ሄደ፤ ተሸነፈ። «ምን እንደነካኝ አላውቅም» ይላል።

ራሊጻ ደብዳቤውን በስልክ ለአጎቷ አነበበችላቸው። እሳቸው የወይን ተክላቸውን እየገረዙ ነበር። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሰውዬው ወታደሮች ቤታቸው ገቡ ወይ?

«ገብተዋል፣ አጎቴ» አለቻቸው።

ይህን የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም።