የግራው ሲሊንደር ዝምታ

መካኒኩ ደርቤ የክትባት ሠራተኛዋን የአይናዲስን ሞተር ሳይክል ሁለት ጊዜ ጠግኖ ያዳነው ይመስለው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ቤንዚን የሚረጨውን ኢንጀክተር አጥቦ፣ ሁለት ሌሊት ጋራዡ ውስጥ አሳድሮ፣ በሦስተኛው ቀን እንደ አዲስ ሲያጓራ በኩራት አስረክቧታል። ዕድሜውን በካርቡሬተር ላይ የፈጀ ሰው ነውና፣ ዝም ያለ ሲሊንደር ሁሉ ቤንዚን የተጠማ ነው የሚለውን እምነቱን አንድም ቀን ተጠራጥሮት አያውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት ግን አይናዲስ ለሦስተኛ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ወዳለው ጋራዡ መጣች፤ ያውም እየነዳች ሳይሆን እየገፋች። ከኋላዋ ሰማያዊ የክትባት ሳጥን ታስሯል።

«ጋሽ ደርቤ፣ ደንበኛህ መሆኔ ቀርቶ ጎረቤትህ ልሆን ነው» አለች። «ዲማ ቀበሌ እናቶች ሕፃን ታቅፈው ከንጋት ጀምሮ ይጠብቁኛል። የጤና ጣቢያው መኪና ሌላ መስክ ወጥቷል። የሳጥኑ በረዶ ከቀትር አያልፍም፤ እሱ ከቀለጠ ክትባቱ አበቃለት።»

ደርቤ ጎንበስ አለ። ሞተሩን አስነሣው፤ ተንተባተበ፣ አነከሰ፣ ግን አልጠፋም። ጣቱን ውኃ ውስጥ ነክሮ ሁለቱ የጭስ ቱቦዎች ላይ ረጨ። ቀኙ ላይ ጠብታው ቸስ ብሎ ጠፋ፤ ግራው ላይ ቀስ ብሎ ተንከባለለ። የግራው ሲሊንደር አይሠራም። እጁ በልማድ ወደ ኢንጀክተሩ ሄደ። የካቻቢቴውን ጫፍ እዚያ ላይ ተክሎ እጀታውን ከጆሮው አስጠጋ፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ ይላል። ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ጤነኛ ነው።

«እና?»

«እናማ ዝም በይ፤ ላስብበት።»

«አንተ ስታስብ በረዶው ይቀልጣል።»

ተነሣ፣ ተቀመጠ፤ ያነሣውን ቁልፍ አስቀምጦ ያስቀመጠውን መልሶ አነሣ። ድሮ በአንዲት ብሎን የሚታዘዝለት ማሽን አሁን ምሥጢሩን ሽቦ ውስጥ ቀብሮ የሚታበይበት መሰለው። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ እንዳይጠረጥር ከሁለት ወር በፊት አዲሱን ያስገባው በገዛ እጁ ነው፤ የገዛ እጁን መጠርጠር ደግሞ አልለመደበትም።

በዚህ መካከል የአይናዲስ እናት ወይዘሮ የብርጓል እያለከለኩ ገቡ። ልጃቸው ሞተሩን ስትገፋ ያዩ ሰዎች ነግረዋቸው ነው። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ ከነጠላቸው ሥር የውኃ ፕላስቲክ አወጡ፤ ጎንበስ ብለውም በግራው ሲሊንደር አናት ላይ ጠበል አፈሰሱ።

ደርቤ የውኃውን መንገድ በዓይኑ ተከተለ። የወረደው ካንዴላው ወደተቀበረበት ጉድጓድ ነበር።

«እማማ፣ ይህን ሁልጊዜ ያደርጉታል?»

«በየጠዋቱ ነዋ! እሷ ፊቷን ስትታጠብ። ልቡ የት ነው ብዬ ብጠይቃት እዚህ ጋ ነው ብላኛለች። ልቡን ሳልባርክ በዚያ ገደል እንዴት ብዬ ልልቀቃት?»

«እማዬ!» አለች አይናዲስ፣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና።

ደርቤ ካንዴላው ላይ የተሰካውን የሽቦ ካፕ ነቀለ፤ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ጉድጓዱን በጨርቅ አድርቆ ካንዴላውን ሲፈታው ጫፉ በቤንዚን ርሷል። ቤንዚኑ ይደርስ ኖሯል፤ የታጣው እሳቱ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ሞተሩን ያዳኑት ጋራዡ ውስጥ ያለፉት ደረቅ ሌሊቶች እንጂ የእሱ እጥበት አልነበረም።

ካንዴላው ተቃጠለ ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። እኒህ ሴት ልጃቸውን ለመንገድ አሳልፈው የሚሰጡበትን ብቸኛ ድፍረት ከእጃቸው መንጠቅ ከበደው። ዝም ቢል ግን ነገ ጠዋት ደግመው ያፈስሳሉ፤ ሞተሩም ሰው በሌለበት ቁልቁለት ላይ ይቆማል።

«እማማ፣ ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ሁለት ጊዜ ሳላየው አልፌያለሁ» አላቸው። «እዚህ ጉድጓድ ውኃ ሲገባ ግን እሳቱ ይጠፋል።»

ወይዘሮ የብርጓል ፕላስቲኩን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቆሙ። «ልጄን በየመንገዱ ያስቀረኋት እኔ ነኝ በለኛ!»

አይናዲስ ሄልሜቷን አውልቃ አንገቷን ዝቅ አደረገች። «እኔን እርጪኝ፤ እኔ አልዝግም።»

«ባል ሳታገቢ ሠላሳ ሞላሽ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ዝገት አለ!» አሉ እናትየው፣ እንባቸውን እየጠረጉ። የቀረውን ጠበል በራሷ ላይ አፈሰሱት።

ደርቤ ጉድጓዱን በኮምፕሬሰር አየር ነፍቶ አደረቀው፤ በጭቃ የተደፈነችውን የውኃ መውረጃ ቀዳዳ በሽቦ ከፈተ፤ ካፑንና ካንዴላውን ለወጠ። አይናዲስም አራት ሰዓት ሳይሞላ ሳጥኗን ይዛ ወደ ዲማ ሄደች።