ሰፊው ጎማ በኢናሪ ሐይቅ ላይ

የእህቴ ባል ቱሬ በሠርጉ ማዕድ ላይ «ራውኖ መኪና ምን ያደርግለታል? ትራክተር ይበቃዋል» ብሎ በእኔ ያሾፈው ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ ተምሯል፤ እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ እንጨት መሰንጠቂያ ነው የገባሁት። ጡረታ ስወጣ ያቺን ጥቁር ፈጣን መኪና የገዛሁት እሱን ለማናደድ ነው ብል አልዋሸሁም።

በብርዱ ወራት ሐይቁ መኪና እስኪሸከም ወደ በረዶ ሲረጋ የልጅ ልጄን ቪየኖን ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት በየቀኑ ላመላልሳት ብዬ ልጄን ሳይማን ለመንኳት። መጀመሪያ መኪናዋ በረዶው ላይ በፍሬን ስትቆም አሳየኝ፣ ካልሆነ ቱሬ ይወስዳታል አለችኝ። ከሰው ሁሉ ቱሬ!

ጎሚስታዋ አውኔ መኪናዋን ዞር ዞር ብላ አየችና ጠባብ ጎማ፣ ያውም በረዶ የሚቧጥጥ ምስማር ያለው ግጠምላት አለችኝ። ትራክተር የተባልኩ መሰለኝ። በጠባብ ጎማማ ዳቦ አከፋፋይ ነው የምመስለው። ሰፊውን፣ ምስማር የሌለውን የበረዶ ጎማ መረጥኩ። ካልተስማማህ መልሰው ብላ ገጠመችልኝ።

ከሳይማ ጋር ሐይቁ ላይ የሞከርንበት ቀን ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ነበር። ፍጥነት ጨምሬ ፍሬን ስይዝ መኪናዋ በእጅ እንደተያዘች ቀጥ አለች። ከበታችን በረዶው አጓራ፤ ድምፁ ማዶ ደርሶ ተመለሰ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት ድምፅ ነው፤ ጠጉሬ ግን ዛሬም ይቆማል።

«ዛሬማ በረዶው ደረቅ ነው፤ በካልሲም ይቆማል፣ አባዬ» አለች ሳይማ። «ብርዱ ሲላላ እናያለን።»

የቱሬ ምክር ነው ብዬ አኮረፍኩ። በረዶ ሲሞቅ እንደሚከዳ ያስተማርኳት ግን እኔው ነበርኩ።

ከቀናት በኋላ ነፋሱ ዞረ፤ ብርዱ ላላና አካፋ። እንደገና ወጣን። በረዶው ላይ ስስ ውኃ ተኝቷል፤ ሰማዩ እንዳለ ውስጡ ገብቷል፤ ለመንገድ ምልክት የተተከሉት ቅርንጫፎች ተዘቅዝቀው ይታያሉ። ቀስ ብዬ እየነዳሁ ፍሬን ያዝኩ። ምንም የለም። ድምፅ እንኳ የለም። መኪናዋ በዝግታ መሽከርከር ጀመረች፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ደሴቶቹ፣ የኛው ቤት በመስኮቱ ተራ በተራ አለፉ፤ ዞረውም መጡ። ከበታችን ደመና ነው። ይህን ሐይቅ ስንት ጊዜ ተሻግሬዋለሁ፤ ሙሉውን ያየሁት ግን ያኔ ነው። መሪው እጄ ላይ ነበር፤ ምንም አይሠራም። በመጨረሻ የበረዶ ክምር ገትቶ አቆመን።

ሳይማ እጅጌዬን ጨምድዳ ይዛለች። የቱሬን ስም እስክትጠራ ጠበቅሁ።

«ሰማዩን አየኸው?» አለች በሹክሹክታ።

«አየሁ።»

«ቪየኖ ከኋላ ብትኖርስ?»

እየተንፏቀቅን አውኔ ዘንድ ሄድንና ጠባቡን አምጪ አልኳት። ከሳቀችብኝ የምመልስላትን አዘጋጅቼ ነበር፤ አልሳቀችም።

ያንኑ ቀን ወደ ሐይቁ ተመለስን። ምስማሮቹ በረዶው ላይ እንደሚቆላ እህል ተንጣጡ። ፍሬን ስይዝ መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፣ ቧጠጠች፣ ቆመች። ማማር የሚባል ነገር የለውም። ሳይማ ወርዳ የተጫረውን በረዶ በጣቷ ዳሰሰችና እዚያው ቆማ ቱሬ ጋ ደወለች።

«ነገ አትምጣ። አባዬ ያደርሳታል።»

እሱ ብዙ አወራ።

«አዎ» አለችው፣ «በዚያችው መኪና።»