ማኅተም የሌለው የወንዝ ካርድ

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሂሳኤ የልጇን ሙቀት ለካች። ሠላሳ ስድስት ነጥብ አራት። ቁጥሩን ትምህርት ቤቱ በላከው የወንዝ ካርድ ላይ በጥንቃቄ ጻፈች፤ «ጤናዋ ደህና ነው» የሚለውን አከበበችው። ከዚያ በካርዱ ጥግ ያለችውን፣ የወላጅ ማኅተም የሚያርፍባትን ትንሽ ሳጥን ለረጅም ጊዜ አየቻት። የቤተሰቡ ስም የተቀረጸበት ማኅተም እጇ ላይ ነበር። ክዳኑን ሳትከፍት መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ካርዱንም ለሁለት አጥፋ በልጇ በቺጉሳ ሻንጣ ውስጥ አስገባችው።

ካርዱ ላይ ማኅተም የሌለበት ልጅ ውሃ አይገባም። ይህ ለመዋኛ ገንዳውም የሚሠራ፣ በትምህርት ቤቱ የታወቀ ደንብ ነው፤ ልጁ ቢያለቅስም፣ ሰማዩ እንደ ብርጭቆ ቢጠራም አይለወጥም። ሂሳኤ ያደረገችውም ይህን ስለምታውቅ ነው። ልጄ አትገባም ብትል ምክንያቷን ትጠየቅ ነበር። እንዲህ ከሆነ ግን ማንም ማንንም አልከለከለም። የሆነው ትንሽ መርሳት ነው፤ በመርሳት ደግሞ ሰው አይሰምጥም።

ሂሳኤ በሕይወቷ ይህ ነው የሚባል አደጋ ደርሶባት አያውቅም። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይጽናና ነበር። እሷ ግን እስከ ዛሬ ያልደረሰው ሁሉ የሆነ ቦታ ተጠራቅሞ እየጠበቃት ይመስላታል። ሰሞኑን ደግሞ በተራራው ላይ ዘንቦ እንደሆነ ለማወቅ በቀን አሥር ጊዜ ስልኳን ስታይ ነበር። ስለ እባብ አነበበች፤ ስለ ተርብ አነበበች። ባሏ ውሃው እስከ ልጅቷ ጉልበት ብቻ መሆኑን ቢነግራት፣ ሰው በባልዲ ውሃም ይሞታል ብላ መለሰችለት። ባሏ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ቺጉሳ አምስተኛ ክፍል ናት። በየዓመቱ የአምስተኛ ክፍል ልጆች ሰኔ ላይ ወደ ወንዙ ይወርዱና ድንጋይ እያነሱ ከሥሩ የተለጠፉትን ጥቃቅን ፍጥረታት ይቆጥራሉ። አልቅት ከበዛ ውሃው ቆሽሿል ማለት ነው። ባለ ሁለት ጭራ የድንጋይ ዝንብ እጭ ከተገኘ ግን ውሃው ንጹሕ ነው። ይህ እጭ ባለፉት ሦስት ዓመታት አልተገኘም። ቺጉሳ የሦስቱን ዓመት መዝገብ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ተውሳ አንብባ፣ ልጆቹ ሁልጊዜ የሚፈልጉት ከዳር ካሉት ትናንሽ ድንጋዮች ሥር መሆኑን ደረሰችበት። እጩ ካለ ያለው ውሃው በሚሮጥበት፣ በመታጠፊያው ላይ ካሉት ትላልቅ ድንጋዮች ሥር ነው ብላ ገመተች። ግምቷን በክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጠፉላት። ቡድኑ ሥራ ሲከፋፈልም በድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስ ጨዋታ ሦስቱን አሸንፋ ድንጋይ አንሺ ሆነች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እራት ላይ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

ሂሳኤ ራሷም ከስድስቱ ጠባቂ ወላጆች አንዷ ሆና ወደ ወንዙ መጥታለች። ለእያንዳንዱ ወላጅ ፊሽካ ተሰጠው። አንድ ፊሽካ ከተነፋ ሃያ ሰባቱም ልጆች ከውሃ ይወጣሉ፤ የዕለቱ ሥራም እዚያው ያበቃል። ለሂሳኤ የደረሳት ቦታ ከሁሉም በታች ያለው ነው። እዚያ በወንዙ ላይ አግድም ገመድ ተወጥሯል፤ ከላይ አምልጦ የሚመጣ ነገር ቢኖር የመጨረሻዋ ያዥ እሷ ናት።

መምህር ሙራኮሺ፣ ማስተማር ከጀመረ ገና ሁለተኛ ዓመቱ የሆነ ወጣት፣ ካርዶቹን አንድ በአንድ አየ። ቺጉሳ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። ካርዱን ገልብጦም አየው። ከዚያ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጠ ወደ ሂሳኤ ወረደ።

«የቺጉሳ እናት፣ ማኅተም ምናልባት ይዘው ይሆን? ይዘው ከሆነ አሁን ቢመቱበት ይበቃል።»

ይህን አላሰበችበትም ነበር። ቦርሳዋ ዳር ላይ፣ ከሌሎቹ ወላጆች ዕቃ ጋር ተቀምጧል። ቤት መቅረቱን ነገረችው፤ ጠዋት ተጣድፋ እንደነበር ጨመረችበት። ውሸቱ እንዲህ በቀላሉ ከአፏ መውጣቱ ራሷንም አስገረማት። መምህሩ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

ሂሳኤ የልጇን ኩርፊያ ለመቀበል ተዘጋጅታ ነበር። ቺጉሳ ወደ እሷ ዞራ ታፈጣለች፣ ማታ አልበላም ትላለች፣ ሁለት ቀን አታናግራትም፤ ይህን ሁሉ አስቀድማ አስልታዋለች። ቺጉሳ ግን ወደ እናቷ አልዞረችም። ሦስቱ የቡድን ጓደኞቿ ፊት ቆማ፣ ኮፍያዋን አውልቃ ጎንበስ አለች።

«ካርዴን ሳላይ ይዤ በመምጣቴ አስቸገርኳችሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አይዞሽ፣ እኔ አነሳለሁ» አለ ሪኩ የሚባለው ልጅ እጅጌውን እየሰበሰበ። «አንቺ መዝገቡን ይዘሽ ቢሮ ግቢ። የጸሐፊ እግር አይረጥብም።»

«አንተ ደግሞ» አለችው ኮቶኔ፣ «የክፍሉን ወንበር ማንሳት አቅቶህ ቲቸር አይደሉ እንዴ ያነሱልህ?»

ቺጉሳ የመመዝገቢያውን ሰሌዳ ተቀብላ ዳር ላይ ተቀመጠች። ለውሃው ብላ ያደረገችው አሮጌ ሸራ ጫማ እንደ ደረቀ ነው።

ከዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር የመጡት ሽማግሌ ኢዋሴ ልጆቹን ሰብስበው፣ ድንጋይ ማንሳት የሰው ጣሪያ እንደ ማንሳት መሆኑን፣ አይተው ሲጨርሱም እንደነበረ መልሰው መክደን እንዳለባቸው ነገሯቸው። አንዱ ልጅ ነዋሪዎቹ ኪራይ ይከፍሉ እንደሆነ ጠየቃቸው። ባይከፍሉም እንደ እሱ ስለማይጮኹ ጥሩ ተከራዮች ናቸው አሉት።

ከዚያ በወንዙ ላይ ጫጫታ ሆነ። ነጭ ትሪ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ መረብ ይዘረጋል፤ አንዱ «ሸርጣን!» ሲል አሥሩ ይሮጣል። ሪኩ ከዳር ያሉትን ትናንሽ ድንጋዮች እያነሳ ይጥላል። እስካሁን ያገኘው አራት ቀንድ አውጣና አንድ አልቅት ነው። ቺጉሳ ከተቀመጠችበት ወደ መታጠፊያው እንዲሄዱ ለመነቻቸው። ሪኩ እዚያ ያሉት ድንጋዮች ከባድ ናቸው አለ። ቺጉሳ «ቀንድ አውጣ፣ አራት። አልቅት፣ አንድ» ብላ ጻፈች።

ሂሳኤ ከታች ሆና ታያለች። ልጇ ደረቅ ናት። ልጇ ደህና ናት። የፈለገችው ይኸው ሆኖላታል። ግን ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ከጠዋቱ አልቀለለም። እንዲያውም ያቺ ጎንበስ ያለች ትንሽ ጀርባ ከዓይኗ አልጠፋ አለቻት።

ትንሽ ቆይቶ ሪኩ ለሁለተኛ ጊዜ ተንሸራቶ ወደቀ። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተልጦ፣ አላለቅስም በሚል ፊት እያነከሰ ወደ ሂሳኤ መጣ። ቦታዋን ለቅቃ መሄድ ስለማትችል ፕላስተር ከቦርሳዋ እንድታመጣ ቺጉሳን ጠራቻት። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ቦርሳው ውስጥ ምን እንዳለ ያስታወሰችው።

የማኅተሙ ማኅደር ላይ ትንሽ ቃጭል አለች። ሁለተኛ ክፍል ሳለች፣ እማዬ እንዳይጠፋብሽ ብላ ከበዓል ገበያ ገዝታ ያሰረችው ቺጉሳ ራሷ ናት። ሂሳኤ ልጇ ቦርሳው ላይ ስታጎነብስ አየች። በዚያ ሁሉ የውሃ ድምፅና የልጆች ጩኸት መሃል ቃጭሏ ልትሰማ አትችልም ነበር። ሰማቻት።

ቺጉሳ ፕላስተሩን ይዛ መጣች። የሪኩን እግር አደረቀች፣ ለጠፈችለት፣ ሪኩ ሄደ። እሷ አልሄደችም።

«እማዬ፣ ቦርሳሽ ውስጥ መኖሩን ረስተሽ ነው፣ አይደል?»

ድምጿ የሚከስ አልነበረም። ለእናቷ በር ከፍታ መያዟ ነው። አዎ ማለት ብቻ ይበቃ ነበር፤ ሁለቱም በዚያ በር ወጥተው ወደ ቤት ይሄዱ ነበር። ሂሳኤ የፊሽካውን ክር በጣቷ ጠቀለለች፣ ፈታች።

«አልረሳሁም» አለች። «ጠዋትም እጄ ላይ ነበር።»

ቺጉሳ የደረቀ ጫማዋን አየች። «ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው?»

ሂሳኤ ነገረቻት። መንሸራተቱን፣ ራሷ ከድንጋይ ጋር መጋጨቱን፣ እግሯ ድንጋይ ሥር መቀርቀሩን፣ ከላይ ደራሽ ውሃ መምጣቱን። ሌሊት ጭንቅላቷ ውስጥ ማለቂያ ያልነበረው ነገር፣ በቀን ብርሃን በአፍ ሲነገር አራት ብቻ ሆነ። ቺጉሳ በትሪ ላይ እጭ እንደሚቆጥር ሰው በጽሞና ሰማቻት።

«መውደቅ ልወድቅ እችላለሁ» አለች ቺጉሳ። «ሁሉም እየወደቁ ነው።» ዞራ ወደ ሦስቱ ጓደኞቿ አየች። «እኔ ግን ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ነግሬያቸዋለሁ።»

ሂሳኤ ከዚህ በኋላ ብዙ አላሰበችም። ሽማግሌው ኢዋሴ በአቅራቢያው ነበሩና፣ ነገሩ የገባቸው ይመስል «ሂጂ ልጄ፣ እኔ እቆምልሻለሁ» አሏት። ቦርሳዋን አነሳች፤ ቃጭሏ በአደባባይ ጮኸች። መምህሩ ፊት ቁጢጥ ብላ ካርዱን ተቀብላ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ መታች። እጇ እርጥብ ስለነበር የቤተሰቡ ስም ግማሹ ጠፋ። መምህሩ ቀስ ብሎ እንደገና ቢመቱት አላት። ደግማ መታች። ቤት ቀርቷል ያለችው ሐሰት መሆኑንም ነገረችው። እሱም ቀላና፣ ራሱም ከፍርሃት የተነሣ ሃያ ሰባቱን ልጆች ሳይቆጥር ዛሬ ውሃ እንኳ እንዳልጠጣ ነገራት። ከዚያ ለሥራው ገና አሥራ አምስት ደቂቃ ቀርቷል አለ።

የቀረው ሦስቱ ልጆች ጋ መሄድ ነበር። ሂሳኤ ልጇ የቆመችበት ቦታ ላይ ቆማ፣ ልጇ እንዳደረገችው ጎንበስ አለች።

«ካርዱን ሳልመታ የሰጠኋት ሆን ብዬ ነው፤ ፈርቼ። ጥፋቱ የቺጉሳ አይደለም።»

ልጆቹ ወዴት እንደሚያዩ ጠፋቸው። ኮቶኔ መልሳ ጎንበስ አለች። ሪኩ ራሱን አከከ።

«የኔ እናት እኮ ሦስት ካልሲ ነው ያስደረገችኝ» አለ። «ሦስቱም ረጥበዋል።»

ሂሳኤ ወደ ገመዷ ተመለሰች። ቺጉሳ ቡድኑን እየመራች ወደ መታጠፊያው ሄደች። ውሃው ቁርጭምጭሚቷን፣ ባቷን፣ ጉልበቷን ያዘ። ኮቶኔ መረቡን ከታች ዘረጋች። ቺጉሳ አንድ ትልቅ ድንጋይ መርጣ ሁለት እጇን ከሥሩ አስገባች። ድንጋዩ ነቅነቅ አለ፤ ቀና አለ። በዚያው ቅጽበት እግሯ ከዳት፤ ቁጭ ብላ እስከ ደረቷ ውሃ ውስጥ ገባች።

ፊሽካው መቼ አፏ እንደገባ ሂሳኤ አታውቅም። በጥርሷ ነክሳዋለች። ትንፋሹም ደረቷ ሞልቷል። የፈራችው እየሆነ ነው፣ ልክ እንደፈራችው። ብትነፋ ትክክል ናት፤ ማንም አይወቅሳትም። የለበሰችው የብርቱካን ቀለም ያለው የመንሳፈፊያ ሰደርያ ቺጉሳን ወደ ላይ ገፋት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ቆጠረች። በአራት ቺጉሳ በጉልበቷ ተነሳች፤ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፏል፤ ድንጋዩን አልለቀቀችም።

«ትሪ!» አለች ቺጉሳ። «ትሪውን ቶሎ!»

ሂሳኤ ትንፋሿን በፊሽካው ጎን፣ ያለ ድምፅ አወጣችው።

አራቱ ራሶች ትሪው ላይ ተደፉ። ሽማግሌው ኢዋሴም አንገታቸውን አስገብተው ለረጅም ጊዜ አዩ። ሂሳኤ ከሩቅ የሚሉትን መስማት አልቻለችም። የሰማችው ሪኩ አንድ ብቻ ነው ወይ ሲል፣ ቺጉሳም አንድም ይቆጠራል ብላ ስትመልስለት ነው። ከዚያ ልጇ ድንጋዩን አቅፋ ወደ ነበረበት መለሰችው፤ የቱ ጎን ወደ ላይ እንደነበር ለማስታወስ ሁለት ጊዜ አገላብጣ።

ውሃው ላይ የሆነ ነገር እየተንሳፈፈ መጣ። ሂሳኤ እስከ ጉልበቷ ገብታ ገመዱ ጋ ያዘችው። ውሃው ከጠበቀችው በላይ ቀዝቃዛ ነበር። አንድ እግር ሸራ ጫማ ነው፤ ከነማሰሪያው። ማሰሪያውን ጠዋት ሁለት ጊዜ ቋጥራው ነበር።

ቺጉሳ በአንድ እግሯ እየዘለለች በዳሩ ወረደች። ጥርሷ ይንገጫገጫል፤ በእርጥብ እጇ የመዘገበችው ወረቀት ላይ ከባለ ሁለት ጭራው እጭ ስም ፊት «1» ተጽፏል፤ ቀለሙ ፈሷል።

«እማዬ፣ ጫማዬ እዚህ መጣ?»

«ይዤዋለሁ» አለች ሂሳኤ።

«አሁንም ፈርተሻል?»

«አዎ።»

ቺጉሳ የእናቷን ትከሻ ተደግፋ እግሯን ሰጠቻት። ሂሳኤ ውሃውን ከጫማው ደፍታ አጠለቀችላት፤ ማሰሪያውንም በዚህ ጊዜ ሦስት ጊዜ ቋጠረችው።