መደቡን ያጸዳሁላት ቀን

እትዬ በየነች ከሰው ይልቅ ከቲማቲም ጋር ታወራለች እያልኩ ስቀልድባት ኖሬአለሁ። እዚህ ሚዛን ተፈሪ ጎረቤቴ ናት፤ በሰፈራችን ብሎኬት ያልበላው ጓሮ የእሷ ብቻ ነው።

ሁለት ዓመት በተከታታይ ቲማቲሟ ቀጨጨ። ልጇ ይትባረክ ደግሞ ቦታው ላይ የሚከራዩ ክፍሎች መሥራት ፈልጓል። «እማዬ፣ ዘንድሮም እምቢ ካለ እሠራበታለሁ» አላት። እሺ አለች፤ በአፏ።

ጅማ ግብርና የምትማረው ልጇ ህሊና አንድ ከረጢት ዱቄት ላከችላት። በስልክ ስታስረዳት እኔም አጠገቧ ነበርኩ።

«ጠቃሚ ፈንገስ ነው እማዬ። ከአፈሩ ጋር ቀላቅዪው። ሥሩ ላይ ይጣበቅና፣ ሥሩ ከማይደርስበት ምግብና ውኃ ይስብለታል።»

«ሻጋታ ነዋ የላከችልሽ!» አልኩ።

«አንተን ስንት ዓመት ችዬህ የለ፣ ሻጋታ ያቅተኛል?»

ዱቄቱን ከቲማቲሙ መደብ አፈር ጋር ቀላቅላ ገና ዘሩን ሳትዘራ፣ ለቅሶ ተጠርታ ሸዋ ቤንች ወደምትባለው ጎረቤት ከተማ ሄደች። «ሦስት ቀን ነው፤ መደቡን እያየህልኝ» አለችኝ።

አየሁላት። በማግስቱ አረሙ ብቅ ብቅ ሲል፣ ለቡና ችግኝ መደብ እንደማደርገው የደረቀ የቡና ገለባ አለበስኩና ለኮስኩት። ቀኑን ሙሉ እያጨሰ ዋለ። ትኩሱን አመድ ከአፈሩ ጋር አገላበጥኩት። ከእኔ የተሻለ ጎረቤት ከየት ታገኛለች እያልኩ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ስትመለስ መደቡ ዳር ቆመች።

«ታፈሰ፣ ምን አደረግክ?»

«አጸዳሁልሽ።»

ስልኳን አወጣች። ያደረግኩትን ነገረቻት። ህሊናም፣ «ሕይወት ያለው ነገር እኮ ነው እማዬ፤ እሳቱ ገድሎታል። ከዚህ በኋላ አይሠራም። ያለውም ያ ብቻ ነበር» አለች።

ስልኩን ተቀበልኳት። «ልጄ፣ ውኃ ብናጠጣውስ?»

«አይነሳም ጋሼ።»

ከጫካ ቡና ሥር አንድ ጆንያ አፈር ተሸክሜ መጣሁ። ህሊና፣ «ፈንገሱ ይኖርበት ይሆናል፤ ላይኖርበትም ይችላል» አለች። ዘራነው። በቀለ፤ ሦስት ጣት ያህል ሆኖ እድገቱ ቀጥ አለ። የቅጠሉ ታችኛው ገጽ ወይን ጠጅ እየመሰለ ሄደ። ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብለን እናያለን። እትዬ በየነች አንድም ቀን አልተቆጣችኝም። ብትሰድበኝ በስንት ጣዕሙ!

ይትባረክ ብሎኬቱን አራገፈ።

«እስከ መስከረም እንኳ ጠብቃት» አልኩት።

«ጋሼ፣ ቃሉን የሰጠችኝ እሷ ናት።»

«ተወው ታፈሰ» አለች እናቱ። «ብያለሁ፣ ብያለሁ ነው።»

ለመሠረቱ ልክ ሲወስድ አንድ ሰው ጎደለው። «ጋሼ፣ ይችን ሲባጎ ጫፏን ይያዙልኝ።» ያዝኩ። ሲባጎው በችግኞቹ አናት ላይ አለፈ።

እትዬ በየነች ከደጃፏ ሆና ታየኝ ነበር።

«ጠበቅ አድርገው እንጂ» አለችኝ፤ «ረግቧል።»

አጠበቅኩት።