የልብስ ሰፊዋ ጥርስ

«ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» የሚባለው ድሮ ቀረ። ዘንድሮ የቀበረውም መርዶውን ትቶ እየሮጠ በሩን ይቀረቅራል፤ ሟቹ ቀድሞት ቤት ይገባላ!

ድንቢጥ የሚሏት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እናቷ ልብስ ሰፊ ነበረች። ማክሰኞ ሞተች፣ ሐሙስ ተነስታ መጣች። አባት ስፌት ክፍሏ አስገብቶ ቆለፈባት። የሰፈሩ ጠባቂዎች የተነሳ ሁሉ ይናከሳል፣ የተነከሰም ያው እንደ እነሱ ነው፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ መጥተን እናቃጥላታለን ብለው ሄዱ።

ይሄ ለድንቢጥ አልዋጥላት አለ። ሁለት ቀን ሙሉ በቁልፉ ቀዳዳ ስታይ እናቷ ማንንም አልፈለገችም። የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች። ስፌቱ አንድም ቦታ አልተጣመመም። ፊቷ አመድ መስሏል እንጂ እጇ ያው የእናቷ እጅ ነው። ሞት ይሄን እጅ ትቶ ምኗን ወሰደ ታዲያ?

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አባቷን በግቢው በኩል ካለው የስፌት ክፍሉ መስኮት ሥር አቆመችው። እንደማትናከስ በዓይኑ ካየ ጠባቂዎቹ እናቷን እንዲተዉለት ይለምናል ብላ ነው። መጀመሪያ እምቢ አለ፣ ኋላ ልመናዋ አድክሞት እሺ አላት። እሷም እናቷ ሳትጨርሰው የሞተችውን ቀሚስ ለብሳ፣ ከአባቷ የተቀበለችውን ቁልፍ በሩ ላይ ትታ ገባች። ምናልባት ልጄ ናት ብትለኝ ብላ፣ ምስኪን።

እናት ቀና አለች። ከመቀመጫዋ ተነስታ እየተጎተተች መጣችና የልጇን ትከሻ ያዘች፤ ከዚያ አፏን አንገቷ ላይ ደፋች። ድንቢጥ ጉልበቷ ከዳት። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። እናት ከከንፈሯ ላይ ቁራጭ ክር አንስታ ጣለችና የልጇን አንገትጌ በመዳፏ አስተካከለች። መቀስ አጠገባቸው እያለ ክር በጥርስ መበጠስ የልብስ ሰፊዎች ሁሉ አመል ነው፤ የእሷ ደግሞ ይብሳል። ድንቢጥ እያለቀሰች ሳቀች።

መስኮቱ ግን ከእናት ጀርባ ነበር። አባት ያየው የሚስቱ ራስ ልጁ አንገት ላይ ሲደፋና ልጁ ስትብረከረክ ብቻ ነው። ድንቢጥ በደስታ ወደ በሩ ስትሮጥ ቁልፉ ከውጭ ዞረ።

«አባዬ፣ አልነከሰችኝም። ክር ነው የበጠሰችልኝ። ክፈትና አንገቴን እየው።»

አባት ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ ያለቅስ ነበር። ክንዱ ላይ የሦስት ዓመት ልጅ የሆነውን ታናሽ ወንድሟን ይዟል። የፊት ለፊት ጎረቤታቸው ባለፈው ሳምንት አልተነከስኩም ያለችውን ልጁን አምኖ ከፍቶ፣ ከዚያ ቤት አንድ ሰው አልተረፈም።

«አውቃለሁ ልጄ» አላት። «ሁሉም እንደሱ ነው የሚሉት።»

የተነከሰችም ብትሆን የምትለው ይሄንኑ ነው። መዳፏ እስኪቀላ በሩን ደበደበች፣ ስሙን ጠራች፣ የወንድሟንም ስም ጠራች። ከኋላዋ መኪናው እንደገና መስፋት ጀመረ። ቀትር ላይ የግቢው በር ተከፈተ፤ አባቷ ለጠባቂዎቹ «ሁለት ናቸው» ሲል ሰማችው።